ፎቶው የት ሊሄድ ነው?

አዲስ አበባ ላይ ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎችና ኤዲተሮች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ጾም ገብቶ ሠርግ ጋብ ባይል ኖሮ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲህ ተሰብስበን መቀመጥ አንችልም ነበር። እንኳን መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቁልፍ ነው። ላይትሩምና ፎቶሾፕ በሚባሉት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ላይ መጨረሻ የምንጫናት፣ ያለቀውን ፎቶ በፋይል የምታወጣልን፣ ኤክስፖርት የምትለዋ። ስንሠራ አምሽተን፣ ቀለሙን አስተካክለን፣ ፊቱን አጽድተን እሷ ጋ ስንደርስ ደክሞናል። ሳጥኑ ይከፈታል። ውስጡ ያለውን አናነብም። ባለፈው የተውነው ቁጥር እንዳለ ተቀምጧል። እሺ ብለን እንወጣለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። ያስቆመኝ አንድ ልጅ ነው።

ጠዋት ፎቶ ቤቱን ገና ስንከፍት ጥቁር ለብሶ መጣ። ስልኩን አውጥቶ የእናቱን ፎቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ በትልቁ አትሙልኝ። ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ነው» አለኝ። የፈለገው 60 በ80 ሴንቲሜትር ነው። ፎቶው ደስ ይላል። እናቱ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ፈገግ ብላለች። ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ስከፍተው ግን ወርዱም ቁመቱም 640 ፒክስል ብቻ ሆነብኝ። ፒክስል ማለት ፎቶው የሚሠራባት አንዷ ትንሽ ነጥብ ናት። ከቴሌግራም ፕሮፋይሏ ላይ ነው ያወረደው።

«ኦሪጅናሉስ?» አልኩት።

«የእህቴ ሠርግ ላይ የተነሳችው ነው። ያነሳውን ሰው ደውለን ጠየቅነው። ቦታ ስለያዘብኝ አጥፍቼዋለሁ አለን።»

አተምንለት። ሌላ ምን ይደረጋል። 640 ፒክስል 80 ሴንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ፒክስል ከ1 ሚሊሜትር ይበልጣል። ራቅ ብላችሁ ስታዩት እናቱ ናት። ጠጋ ስትሉ ትጠፋለች። ልጁ ደግሞ ጠጋ ብሎ ነው የሚያያት።

ያ ፎቶ ሲነሳ ምንም አልጎደለውም። የተበላሸው ከተነሳ በኋላ ነው፤ አንድ ሰው ለስልክ ብቻ የሚሆን ቅጂ አውጥቶ ዋናውን ሲያጠፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ። ይሄ ፎቶ የት ሊሄድ ነው? ስልክ ላይ ነው? አልበም ውስጥ? ባነር ላይ? ወይስ ኤምባሲ? ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

እስቲ ከፒክስል እንነሳ። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ካሜራ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ 24 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000። ያላችሁ ሀብት ይሄ ነው። ሊጥ በሉት። ሊጡ ያው ነው፤ ምጣዱን ባሰፋችሁት ቁጥር እንጀራው እየሳሳ ይሄዳል።

ማተሚያ ቤት ስትደውሉ «300 ዲፒአይ አድርገህ ላክ» ይሏችኋል። እናንተም ሳጥኑ ላይ 72 የሚለውን ወደ 300 ትቀይሩና ትልካላችሁ። ፎቶው ግን 1280 ፒክስል ከሆነ፣ 300 ብትሉትም 1280 ነው። የፒክስሉን ብዛት ሳትነኩ ያንን ቁጥር ብቻ መቀየር ሊጡ ላይ ምንም አይጨምርም። ቁጥሩ ለማተሚያው የተጻፈ ማስታወሻ ነው። «በአንድ ኢንች ውስጥ ይህን ያህል ፒክስል ደርድር» ይላል፣ በቃ። ስክሪን ደግሞ ጭራሽ አያነበውም። ስልካችሁ 72 የተጻፈበትንና 300 የተጻፈበትን ፎቶ አይለይም። በዚህ ጉዳይ ስንት ሰው ከማተሚያ ቤት ጋር ተጣልቷል መሰላችሁ።

ስለዚህ ፒክስሉን ራሳችሁ አስሉ። ሴንቲሜትሩን ለ2.54 አካፍሉት፣ የሚመጣውን በ300 አባዙት። 30 በ40 የሆነ የግድግዳ ፎቶ 3543 በ4724 ፒክስል ይፈልጋል። ካሜራችሁ ይህን በደንብ ይችለዋል። 10 በ15 የሆነችው የተለመደችዋ ፎቶ ደግሞ 1200 በ1800 አካባቢ ይበቃታል።

ባነር ላይ ስሌቱ ይለወጣል። ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ባነር በ300 ይሁን ካላችሁ ወርዱ ብቻ ከ35,000 ፒክስል በላይ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ካሜራ ማናችንም እጅ የለም። ፎቶውን በግድ ለጥጠው ከ2 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል በፍላሽ ይዘው የመጡ ልጆች አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ሰዓት ይባክናል፣ ባነሩ ላይ ግን ቅንጣት አይጨምርም። 3 ሜትር ማለት 118 ኢንች ነው። 6000 ለ118 ሲካፈል በኢንች 50 ገደማ ይደርሳችኋል። ለባነር ይሄ በቂ ነው። ሰው ባነርን የሚያየው መንገድ ተሻግሮ ነው። ስለዚህ ካሜራው የሰጣችሁን ሙሉውን ላኩ፤ ምንም አትለጥጡ። ላይትሩም ላይ ፎቶውን እንዳያሳድግ የሚከለክል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ ላይ ምልክት አድርጉ።

የለቅሶ ፎቶ ግን፣ የቱንም ያህል ቢተልቅ፣ እንደ ባነር አይታይም። ሰው ቀርቦ ያየዋል። አንዳንዱ ይስመዋል። ለዚህ ነው የዚያ ልጅ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው።

አሁን ወደ ጄፔግ፣ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ታምቆ ወደሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት፣ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ልብሳችን ነው የሚጎዳው።

24 ሜጋፒክስል ፎቶ ምንም ሳይታመቅ ቢቀመጥ 72 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ጄፔግ ያንን ወደ 10 ወይም ወደ 5 ያወርደዋል። ይህን የሚያደርገው ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ፣ በየካሬው ውስጥ ዓይን ብዙም አያስተውለውም ያለውን ዝርዝር በመጣል ነው። ከበስተጀርባው ያለው ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ናስር አህመድና ሁለት ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው፤ ጄፔግ ራሱ በ1992 ነው ደረጃ ሆኖ የወጣው። እድሜው ይኸው ነው፣ ዛሬም ዓለምን ተሸክሟል። ትልቅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን የተጣለው ነገር አይመለስም። ጄፔግን ከፍታችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ እንደገና ጄፔግ ብላችሁ ባስቀመጣችሁት ቁጥር ሌላ ነገር ይጥላል።

ሁለተኛም ነገር ያደርጋል። ዓይናችን ብርሃንና ጥላን የሚለየውን ያህል ቀለምን በስሱ አይለይም። ጄፔግ ጥራቱ ሲወርድ ይህን ይጠቀምበታል። ብርሃኑን በሙሉ ዝርዝሩ ያስቀምጥና የቀለሙን ዝርዝር በግማሽ ይቀንሰዋል። ለዛፍና ለሰማይ ችግር የለውም። ለጥለት ግን አለው።

አንድ ቀን ይህን ሞክሩት። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ፎቶ ውሰዱ። ጥለቷ ላይ ቀጭን ቀይ ክር ነጭ ሸማ ላይ የሚሄድበትን ቦታ አጉሉት። ፎቶሾፕ ከ0 እስከ 12 ባለው የጥራት መለኪያው አንዴ በ10፣ አንዴ በ5 አውጡትና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ10 የወጣው ላይ ክሩ ክር ነው። በ5 የወጣው ላይ ቀዩ ወደ ነጩ ይደማል። ዳር ዳሩ ሮዝ ጭጋግ ይይዛል። ፎቶሾፕ 6 እና ከዚያ በታች ስትወርዱ ቀለሙን መቆጠብ ይጀምራል፤ ከ7 ጀምሮ አይነካውም። ሸማኔው ያን ጥለት ስንት ቀን ጎንበስ ብሎ እንደሠራው አስቡት። እኛ በአንድ ቁጥር አደብዝዘን ልንልከው አይገባም።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ለህትመት ሲሆን ላይትሩም ላይ ጥራቱን ከ92 በላይ አደርገዋለሁ። ለስልክና ለማኅበራዊ ሚዲያ 80 አካባቢ ይበቃል። 100 ማድረግ ፋይሉን በጣም ያገዝፈዋል፤ ልዩነቱን ግን ጎን ለጎን አስቀምጬም ማየት አቅቶኛል። ፒኤንጂ የሚባለውን ሌላ የፋይል ዓይነት ለፎቶ አልጠቀምም። እሱ ለሎጎ፣ ለጽሑፍ፣ ጀርባው ክፍት መሆን ላለበት ነገር ነው። ፎቶ በፒኤንጂ ስታወጡ ብዙ እጥፍ ይገዝፋል፤ ተመልካቹ ምንም አያገኝም፣ ዳታው ነው የሚያልቀው።

ዳታ ካልኩ አይቀር ቴሌግራምን ላንሳ። እንደምታውቁት አገራችን ውስጥ ፎቶ የሚመላለሰው በቴሌግራም ነው። ፎቶ ብላችሁ ስትልኩ ቴሌግራም በራሱ ያሳንሰዋል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። 6000 በ4000 የነበረው 1280 በ853 ሆነ ማለት ነው። ከ24 ሚሊዮን ፒክስል የሚደርሰው 1 ሚሊዮን ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ለማየት ያምራል። ደንበኛው ግን ያንን አውርዶ ማተሚያ ቤት ይዞ ይሄዳል። የባሰው ደግሞ ስክሪንሹት ያደርገዋል። ከዚያ «ያነሳን ልጅ ጥራት የለውም» ይባላል። ስማችሁ እዚያ ጋ ነው የሚነሳው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በፋይል ላኩት። ያን ጊዜ ቴሌግራም አይነካውም፤ እስከ 2 ጊጋ ድረስ እንዳለ ያደርሰዋል። ችግሩ 600 የሠርግ ፎቶ እያንዳንዱ 12 ሜጋ ቢሆን ከ7 ጊጋ በላይ ነው። ይህን በሞባይል ዳታ አውርዱ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ኤክስፖርት አደርጋለሁ። አንዱ ቀላሉ ነው፤ ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል፣ ለማየትና ለመለጠፍ። ሌላው ሙሉው ነው፤ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ የሚሰጥ። ፎልደሮቹን በአማርኛ እሰይማቸዋለሁ፤ «ለስልክ» እና «ለማተም»። የሙሽራዋ እናትም ብትከፍተው ግራ አይገባትም። ላይትሩም ላይ ሁለቱንም ፕሪሴት፣ ማለትም የተዘጋጀ ምርጫ፣ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ በአንድ ጊዜ መርጣችሁ ታወጧቸዋላችሁ። ተጨማሪ ድካም የለውም።

ውጭ አገር ያለውን ቤተሰብ አትርሱ። ዋሽንግተን ያለችው አክስት ሠርጉ ላይ አልተገኘችም። ፎቶውን አትማ ሳሎኗ ልትሰቅለው ትፈልጋለች። አሜሪካ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ፍሬም በኢንች ነው፤ 8 በ10 የሚባለው። ካሜራችን የሚያነሳው ደግሞ 2 ለ3 ነው። 8 በ10 ማለት 4 ለ5 ነው። ከረጅሙ ጎን የግድ ይቆረጣል። የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ዳር የቆመው ሰው ነው የሚሄደው። ኢንስታግራም ላይም 1080 በ1350 ብለን ስንቆርጥ ይኸው ነው የሚገጥመን። 30 በ40ም እንደዚያው። ሳይቆረጥባቸው የሚገቡት እንደ 20 በ30 እና 10 በ15 ያሉት ናቸው።

እና ሁለት ነገር አድርጉ። ስታነሱ ግራና ቀኝ አየር ተዉ። ኤክስፖርት ስታደርጉ ደግሞ ያልተቆረጠውንም ስጡ። ሌላ ሰው ለሌላ ፍሬም ራሱ ይቆርጠዋል። አንዲት አያት ከልጅ ልጃቸው የሠርግ አልበም ላይ ተቆርጠው ቀርተው አይቻለሁ። ትከሻቸው ብቻ አለ። አልበሙ ታትሞ አልቋል።

ስለ ቀለም በአጭሩ ልናገር። ሳጥኑ ውስጥ የቀለም ፕሮፋይል የሚል ቦታ አለ፤ የፋይሉ ቀለም እንዴት እንደሚነበብ የሚናገር ነው። ለስልክ፣ ለድረ ገጽ፣ ለአብዛኛው ፎቶ ማጠቢያ ኤስአርጂቢ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያወጡት ነው፤ ሁሉም መሣሪያ ይግባባበታል። አዶቤ አርጂቢ የሚባለው ሰፋ ያለ ነው፣ ለዚህ ብለው የሚመርጡት ልጆች አሉ። ፕሮፋይሉን የማያነብ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት ግን ቀለሙ ይደበዝዛል። የጠይም ሰው ፊት አመድ የነካው ይመስላል። ስታርሙ ያማረ ፊት ስልክ ላይ ሲደርስ ገርጥቶ ካያችሁ መጀመሪያ እዚህ ጋ ተመልከቱ። መጽሔትና መጽሐፍ በሲኤምዋይኬ፣ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ነው የሚታተመው። ያንን በግምት አትቀይሩ። የሚያትመውን ሰው የትኛውን ፕሮፋይል እንደሚጠቀም ጠይቁት። መጠየቅ አያሳፍርም። ደግሞ የስክሪናችሁን ብርሃን ቀንሱ። ታትሞ ጨለመ የሚባለው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የጨለመው ኤዲተሩ በጣም በበራ ስክሪን ላይ ስለሠራው ነው።

ዲቪ! ይህን ሳላነሳ ብወርድ አዝን ነበር። በዲቪ ሰሞን ፎቶ ቤቱ በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው ታውቁታላችሁ። ስንት ቤተሰብ ተስፋውን በእናንተ ኤክስፖርት ላይ እንደሚጥል አስቡ። ለዓመታት በወጣው መመሪያ ፎቶው ካሬ ነው፤ 600 በ600 ፒክስል፣ ጄፔግ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ። ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የተጠጋ። ከአገጭ እስከ አናት ያለው የጭንቅላት ቁመት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ። መነጽር የለም። ከ6 ወር ወዲህ የተነሳ መሆን አለበት። መመሪያ ስለሚቀያየር ሁልጊዜ የዘንድሮውን አንብቡ።

ላይትሩም ላይ የፋይሉን መጠን የሚገድብ ቦታ አለ፤ 220 ብላችሁ ጻፉበትና እሱ ራሱ ጥራቱን ያስተካክላል። ወርድና ቁመቱን ለየብቻ ለጥጣችሁ ካሬ አታድርጉት፤ ቆርጣችሁ አድርጉት እንጂ። ፊት ሲለጠጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ፊት ማለስለስም፣ ጠባሳ ማጥፋትም እዚህ ክልክል ነው። ደንበኛው «ትንሽ አሳምረኝ» ቢላችሁ እንኳን አስረዱት። አምና የተነሳውን ፎቶ ከፎልደር አውጥታችሁ ዘንድሮ አትስጡ። ለእናንተ 5 ደቂቃ ነው። ለእሱ የዓመት ተስፋ ነው።

ሌላም አንዲት ነገር አለች። ስልክና አንዳንድ ካሜራ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋሉ። የሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ ያነሳችሁትን፣ በተለይ የሕፃናትን ፎቶ ለድረ ገጽ ስታወጡ የቦታውን መረጃ የሚያጠፋውን ሳጥን ምረጡ። ስማችሁና የባለቤትነት መብታችሁ ይቆይ፤ የሰው አድራሻ ግን አይሂድ።

አሁን ዋናውን ልናገር። የምታወጡት ቅጂ ሁሉ ልጅ ነው። ወላጁ ሮው ፋይሉ፣ ካሜራው የመዘገበው ጥሬ ፋይል፣ ነው። ሮው በአንድ የቀለም መስመር 16,384 ደረጃ ድረስ ይይዛል፤ ጄፔግ 256 ነው። ከወላጁ ዛሬ ለስልክ፣ ነገ ለባነር፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ገና ላልተሠራ ስክሪን ማውጣት ትችላላችሁ። ከ1280ው ልጅ ግን ምንም አይወለድም። ቦታ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ሃርድ ዲስክ ውድ እንደሆነም አውቃለሁ። ከደንበኛው ጋር ስትዋዋሉ የማስቀመጫውንም ዋጋ አስገቡበት። ቢያንስ ከየሠርጉ የተመረጡትን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ማጥፋት የግድ ከሆነ ከማጥፋታችሁ በፊት ለቤተሰቡ ደውሉ።

ያ ልጅ ለ40 ቀኑ እንደገና መጣ። ሌላ ዘመዳቸው ሠርግ ላይ እናቱ ከቤተሰብ ጋር ተነስታ ነበር፤ ያነሳው ባለሙያ ፋይሉን ሙሉውን አስቀምጦታል። ፎቶው ላይ ወደ 20 ሰው አለ። እሷ ከቀኝ ሁለተኛ ናት። ከ6000ው ላይ እሷን ብቻ ቆርጬ ሳወጣ 1500 ፒክስል ወርድ ቀረኝ። 30 በ40 ላይ በኢንች 127 ይሆናል። ከ300 ሩቅ ነው፣ ግን ያስኬዳል። ጥራቱን ከፍ አድርጌ፣ ለሚታተምበት ወረቀት ልክ ትንሽ ሻርፕ አድርጌ አወጣሁት። ሲታተም አጠገቤ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ሄደና ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ያዘው። የነጠላዋ ጥለት ክር በክር ይታያል። «አዎ፣ ይቺ ነጠላዋ ቤት አለች» አለኝ።